ጡረታ ደርሶ ገቢ ላነሰው፦ በእንግሊዝ አገር ፔንሽን ክሬዲት እንዴት ይጠየቃል?

እናቴ ለጡረታ የደረሰች ሰሞን ዩኒቨርሳል ክሬዲቷ (በሥራ ዕድሜ ላይ ሆኖ ገቢ ላነሰው የሚሰጠው ድጎማ) ቆመ። «ያው ጡረታ ወጣሁ፤ አበቃ» ብላ ዝም አለች። ለእኛም አልነገረችንም። እጇ ላይ የነበረችውን እያብቃቃች፣ እህቴ የምትሰጣትን እየጨመረች አምስት ወር ኖረች። እኔ ያወቅኩት የውዝፍ ኪራይ ደብዳቤ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ተጣጥፎ ሳገኝ ነው። በማግስቱ ፔንሽን ክሬዲት እንዲሰጣት አመለከትን። ሦስት ወር ወደ ኋላ ቆጥረው ከፈሏት። ሁለቱ ወር ግን ቀረ። ኪራዩን እኔና እህቴ ተካፍለን ከፈልን።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሁለት ወር ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ወላጅ ላላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ለደረሳችሁ። የምጠቅሳቸው የገንዘብ ቁጥሮች ከኤፕሪል 2025 እስከ ኤፕሪል 2026 ያለው ዓመት ተመን ናቸው። ተመኑ በየኤፕሪሉ ይለወጣል፤ የስሌቱ አካሄድ ግን ያው ነው።

በራሱ የሚመጣ ነገር የለም

«ዕድሜው ሲደርስ መንግሥት ራሱ ያስተካክለዋል» ብሎ መቀመጥ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የጡረታ ዕድሜ የሞላበት የወር ሂሳብ ሲያልቅ ይቆማል። ከዚያ በኋላ አራት ነገር ለየብቻ ይጠየቃል። አንደኛው ጡረታው ራሱ ነው፤ ስቴት ፔንሽን የሚባለው። እሱ ሀብት ታይቶ አይሰጥም፤ ከናሽናል ኢንሹራንስ (ከደመወዝ ከሚቆረጠው መዋጮ) መዝገብ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው ፔንሽን ክሬዲት ነው፤ ገቢ ላነሰው ማሟያ። ሦስተኛው ለኪራይ የሚሰጠው ሃውሲንግ ቤኔፊት፣ አራተኛው የካውንስል ታክስ ቅናሽ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የምትጠይቁት ዲደብልዩፒን (የጡረታና የድጎማ መሥሪያ ቤቱን) ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ካውንስላችሁን (የአካባቢያችሁን አስተዳደር)።

ከአራቱ ቁልፉ ፔንሽን ክሬዲት ነው። በተለይ ጋራንቲ ክሬዲት የሚባለው፣ ያነሰውን ገቢ የሚሞላው ክፍሉ። በሳምንት 2 ፓውንድ ብቻ ቢደርሳችሁ እንኳ ሌላውን በር ይከፍታል። «ለሁለት ፓውንድ ብዬ ይሄን ሁሉ ጣጣ!» የሚሉ አባቶች አውቃለሁ። በዚያች ሁለት ፓውንድ የጥርስ ሕክምና በነፃ ይሆናል፤ ለመነጽር ቫውቸር ይሰጣል። ክረምት ላይ ለሰባት ተከታታይ ቀን ዜሮና ከዜሮ በታች ከወረደ በእንግሊዝና በዌልስ 25 ፓውንድ ይገባል። 75 ዓመት ለሞላው የቲቪ ላይሰንስ ነፃ ነው፤ እሱ ብቻውን በዓመት 174.50 ፓውንድ ነው።

ሌላ የምሰማው ነገር አለ። «እኔ እዚህ አገር ታክስ ሳልከፍል እንዴት ይሰጡኛል?» ይላሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተምታቷል። አዲሱ ስቴት ፔንሽን ቢያንስ የ10 ዓመት መዝገብ ይፈልጋል፤ ሙሉውን ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ 35 ዓመት። ፔንሽን ክሬዲት ግን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። በ60 ዓመቱ መጥቶ አንድ ቀን ያልሠራ ሰው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ካልከለከለው፣ ሊያገኝ ይችላል።

መጀመሪያ ዕድሜና ወረቀት

ከኤፕሪል 6 ቀን 1960 በፊት የተወለደ ሰው የጡረታ ዕድሜው ቢበዛ 66 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተወለደው በወር በወር እየጨመረ ይሄዳል። ከማርች 6 ቀን 1961 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 1977 ለተወለዱት 67 ይሆናል። ማመልከቻው ቀኑ ሳይደርስ አራት ወር ቀደም ብሎ መግባት ይችላል። አደራ፣ ቀድማችሁ አስገቡ።

የእኛ ሰው እዚህ ላይ የራሱ ፈተና አለው። እናት «የተወለድኩት በ53 ነው» ትላለች። ልጅ 1953 ብላ ትሞላለች። በፈረንጅ ግን 1960 መጨረሻ ወይም 1961 ነው! ከዚያ ሌላ፣ ስደት ላይ በግምት የተሞላ «ጃንዋሪ 1» የተጻፈበት ወረቀት ያለው ብዙ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ፓስፖርቱ ወይም የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ያለውን ቀን ተጠቀሙ። ስልክ ላይ «እውነተኛው ልደቴ ግን…» ብላችሁ ከጀመራችሁ ፋይሉ ይጠላለፋል። ስምም እንዲሁ። «ሰርኔም» የሚለው ሳጥን ውስጥ አንዱ ቦታ የአባት፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ከገባ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርጋችኋል። ከባንክ ካርዱ ጋር አስተያዩት።

ከዕድሜው ቀጥሎ የመኖሪያ ፈቃድ። ዜግነት፣ ቋሚ መኖሪያ ወይም የጥገኝነት ፈቃድ ያለው ሰው መጠየቅ ይችላል። ወረቀቱ ላይ «ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ» (የመንግሥት ድጎማ መጠየቅ አይችልም) የተጻፈበት ግን ፔንሽን ክሬዲትን፣ ሃውሲንግ ቤኔፊትንና የካውንስል ታክስ ቅናሹን አይንካ፤ ቪዛው ላይ ችግር ያመጣል። ልጅ ፈርሞ «እኔ እጦራቸዋለሁ» ብሎ ያመጣቸው ወላጆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይጠብቃሉ። ከሆላንድ፣ ከስዊድን ወይም ከጣሊያን በአውሮፓ ፓስፖርት የመጣችሁ፣ ሴትልድ ስታተስ (ለአውሮፓ ዜጎች የሚሰጠው ቋሚ ፈቃድ) ካላችሁ ችግር የለም። ጊዜያዊው ፕሪ ሴትልድ ከሆነ ግን ተጨማሪ መስፈርት አለው፤ ሳታመለክቱ በፊት አማካሪ አነጋግሩ።

አንዱ 68፣ አንዷ 54 ከሆኑ

ባልና ሚስት አብረው ከኖሩ ገቢያቸውና ቁጠባቸው አንድ ላይ ይታያል። ሁለቱም የጡረታ ዕድሜ ከደረሱ አንዱ ለሁለቱም ያመለክታል። እኛ ዘንድ ግን ባል በአሥር፣ በአሥራ አምስት ዓመት የሚበልጥበት ቤት ብዙ ነው። ከሜይ 15 ቀን 2019 ወዲህ እንዲህ ያለ ጥንድ አዲስ ፔንሽን ክሬዲት መጠየቅ አይችልም። ታናሽየዋ እስክትደርስ ድረስ ሁለቱም ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ይቆያሉ። ባልየው ስቴት ፔንሽኑን ያገኛል፤ እሱ ግን እንደ ገቢ ተቆጥሮ ከክሬዲቱ ይቀነሳል። መራራ ሕግ ነው። ሚስት ገና በቅርቡ መጥታ የመንግሥት ድጎማ የሚከለክል ቪዛ ላይ ካለች ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። ያንን ያለ አማካሪ አትሞክሩት።

ስሌቱን በወረቀት ሥሩት

መንግሥት ያስቀመጠው ዝቅተኛ የሳምንት ገቢ አለ። ለብቻው ለሚኖር 227.10 ፓውንድ፣ ለባልና ሚስት 346.60 ፓውንድ። ገቢያችሁ ከዚያ ካነሰ ልዩነቱን ይሞላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስቴት ፔንሽን፣ የመሥሪያ ቤት ጡረታና ደመወዝ እንደ ገቢ ይቆጠራሉ። ለምሳሌ በሳምንት 190 ፓውንድ ጡረታ ያላት እናት 37.10 ይጨመርላታል።

የልጆች ገቢ አይቆጠርም። ደግሜ ልበለው፤ አብሯችሁ የሚኖር ልጅ ጥሩ ደመወዝ ስላለው ፔንሽን ክሬዲት አትከለከሉም። የሚታየው የእናንተና የትዳር ጓደኛችሁ ገቢ ብቻ ነው። ልጅ ለአስቤዛ ብሎ የሚሰጠው ገንዘብም ከገቢ አይገባም።

ቁጠባ ሲመጣ ሰው ይፈራል። እስከ 10,000 ፓውንድ ድረስ አይነኩትም። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 500 ፓውንድ፣ ወይም ለ500 ላልሞላው ትርፍ፣ በሳምንት 1 ፓውንድ ገቢ እንዳላችሁ ይገመታል። 12,300 ያለው ሰው ትርፉ 2,300 ነው፤ አራት ሙሉ አምስት መቶና አንድ ጎዶሎ። ስለዚህ 5 ፓውንድ። ለፔንሽን ክሬዲት የቁጠባ ጣሪያ የለም። ሃውሲንግ ቤኔፊት ግን ጣሪያው 16,000 ነው፤ ጋራንቲ ክሬዲት ካላችሁ ጣሪያው ይነሳል። አያችሁት፣ የቁልፉ ነገር እንደገና?

የምትኖሩበት ቤት የራሳችሁ ከሆነ አይቆጠርም። አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም ግን ይቆጠራል፤ መናገር አለባችሁ። እቁብ ደርሷችሁ ባንክ ከገባ ቁጠባ ነው። ልጅ «ለመቆጠቢያ» ብሎ በእናቱ ስም አብሮ የከፈተው አካውንትም ይታያል፤ ስለዚህ የማን ገንዘብ እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ይኑራችሁ። ደግሞ ለማመልከቻው ብሎ ገንዘቡን ለወንድም ማዞር አይሠራም። ሆን ተብሎ ከተሰጠ አሁንም የእናንተ ነው ብለው ይቆጥሩታል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ትልቁ ገንዘብ

ከላይ 190 ፓውንድ ጡረታ ያላትን እናት እናስታውስ። ጉልበቷን ታማለች። ልብስ ስትለብስ፣ ገላዋን ስትታጠብ ሰው ያስፈልጋታል። ይህ ከስድስት ወር በላይ ከሆነው አቴንዳንስ አላዋንስ የሚባል አለ፤ በሳምንት 73.90 ወይም 110.40 ፓውንድ። ስኮትላንድ ውስጥ ስሙ ሌላ ነው፤ ፔንሽን ኤጅ ዲስኤቢሊቲ ፔይመንት ይሉታል። ገቢም ቁጠባም አይታይበትም። እንደ ገቢም አይቆጠርባችሁም።

አሁን የስሌቱን ለውጥ እዩ። ብቻዋን የምትኖር ከሆነና ማንም በእሷ ስም ኬረርስ አላዋንስ (ለአስታማሚ የሚከፈለውን ገንዘብ) የማይወስድ ከሆነ፣ ዝቅተኛው ገቢዋ ላይ 82.90 ፓውንድ ይጨመራል። 227.10 የነበረው 310 ይሆናል። 190 ሲቀነስ ፔንሽን ክሬዲቷ 37.10 መሆኑ ቀርቶ 120 ይሆናል። አላዋንሱ ደግሞ ለብቻው ከነሙሉው ይከፈላታል። ልዩነቱን በዓመት አባዙት!

ስለዚህ ጡረታችሁ ከ227 ትንሽ በልጦ «አይገባችሁም» የተባላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ሙሉው አዲስ ስቴት ፔንሽን 230.25 ነው፤ ከመስመሩ በሦስት ፓውንድ ከፍ ይላል። አቴንዳንስ አላዋንስ ሲጨመርበት መስመሩ ራሱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ ያስገባችኋል። አላዋንሱ የተፈቀደ ዕለት ፔንሽን ክሬዲትን እንደገና ጠይቁ።

ቅጹን ስትሞሉ አንድ ምክር። እናቶቻችን «እንዴት ነሽ?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሳቸው። ቅጹ ላይ ይህ አይሠራም። እናቴ «መታጠብ ትችያለሽ?» ሲሏት «አዎ» አለች። እንዴት እንደምትታጠብ ስጠይቃት፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ እህቴ ቅዳሜ እስክትመጣ እየጠበቀች ነው። የሚጻፈው ይህ ነው። ክፉውን ቀን ጻፉ፤ ማጋነን አያስፈልግም።

ስልኩ

እናቶቻችን ደብዳቤ የሚያጠራቅሙበት ፌስታል አለ። እሱን ጠረጴዛ ላይ ገልብጡት። የምትፈልጉት የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር (ሁለት ፊደል፣ ስድስት ቁጥር፣ አንድ ፊደል)፣ የጡረታው መጠን የተጻፈበት ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የሌላ ቁጠባ ወረቀት ካለ፣ የቤት ኪራይ ውል። ሌላው ይመለሳል።

ከዚያ 0800 99 1234 ይደወላል። ነፃ ነው። ስቴት ፔንሽኑን ቀደም ብላችሁ ካመለከታችሁና ልጅ የማታሳድጉ ከሆነ በጎቭ ዩኬ ድረ ገጽ ላይም ይቻላል። እኔ ግን ለትልልቅ ሰው ስልኩን እመርጣለሁ። ምክንያቱም አስተርጓሚ አለ። ሰው ሲያነሳ ሌላ ምንም ሳትሉ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» በሉ። ያገናኟችኋል፤ አይከፈልበትም። ልጅ ማናገር ከፈለገ ባለጉዳይዋ አጠገብ ሆና ፈቃዷን በራሷ አፍ መስጠት አለባት። ስለዚህ ከሥራ ቦታ ሆኖ «እናቴን ወክዬ ነው» ማለት አያስኬድም።

አንድ ዓረፍተ ነገር አትርሱ፦ «ሦስት ወር ወደ ኋላ ይቆጠርልኝ»። ዕድሜው ከደረሰ ቆይቶ ከሆነና በዚያ ጊዜም ይገባችሁ ከነበረ እስከ ሦስት ወር ድረስ ይከፈላል። ሃውሲንግ ቤኔፊትም ለጡረተኛ እንዲሁ ሦስት ወር ነው። ስቴት ፔንሽን እስከ 12 ወር ይሄዳል። ስልኩ ሲያልቅ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነገሯችሁን ነገር ጻፉ። እናቴ ጓዳ የሰቀለችው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ላይ ነው የምጽፈው፤ አይጠፋም።

ካውንስሉ

ሃውሲንግ ቤኔፊትና የካውንስል ታክስ ቅናሹ በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ይሞላሉ። «አዲስ ሰው ሁሉ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው የሚጠይቀው» የሚላችሁ ሠራተኛ ሊገጥማችሁ ይችላል። ለወጣት ነው ያ። ነጠላ ከሆናችሁ፣ ወይም ሁለታችሁም የጡረታ ዕድሜ ከደረሳችሁ፣ ሃውሲንግ ቤኔፊት አሁንም አለ። ጋራንቲ ክሬዲት ካላችሁ ኪራዩም ታክሱም አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል። የግል አከራይ ከሆነ ግን ለአካባቢው ከተቀመጠው ጣሪያ በላይ አይከፍሉም። ለጡረተኛ ትርፍ መኝታ ክፍል አለ ተብሎ የካውንስል ቤት ኪራይ ድጎማ አይቀነስም፤ ልጆች ወጥተው ባዶ ክፍል የቀራቸው እናቶች በዚህ አይጨነቁ።

አብሮ የሚኖር አዋቂ ልጅ ካለ ግን እዚህ ላይ ይመጣል። ፔንሽን ክሬዲቱን ባይነካውም ከሃውሲንግ ቤኔፊቱ «ልጁ ያዋጣ» ተብሎ ይቀነሳል። እናትየዋ አቴንዳንስ አላዋንስ ካላት ይህ ቅናሽ ይቀራል።

እኛ ወረቀት ያስገባንበት ካውንስል «አልደረሰንም» ብሎ ሁለት ጊዜ አስልኮናል። በሦስተኛው ቀርበን አስገባንና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበልን። ከዚያ ወዲህ ያለ ደረሰኝ ምንም አላስገባም።

እምቢ ካሉ

ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን እዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ወር አላችሁ። ለፔንሽን ክሬዲት መጀመሪያ ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን ይጠየቃል፤ ውሳኔውን እንደገና እዩት ማለት ነው። ያም ካልሆነ በሌላ አንድ ወር ውስጥ ወደ ትራይቡናል (ይግባኝ ሰሚው) ይኬዳል። ትራይቡናል ሲባል አትፍሩ፤ ወንጀለኛ የሚዳኝበት ችሎት አይደለም። የኤጅ ዩኬ (የአረጋውያን በጎ አድራጎት ድርጅቱ) የምክር መስመር 0800 678 1602 ነው፤ ነፃ ነው። ነፃ ምክር የሚሰጠው ሲቲዝንስ አድቫይስም በየአካባቢው አለ። ገንዘብ ተቀብሎ «ፎርም እሞላላችኋለሁ» የሚል ሰው አያስፈልጋችሁም። በቴክስት የባንክ ቁጥር የሚጠይቅም ዲደብልዩፒ አይደለም፤ አጥፉት።

አገር ቤት ስትሄዱ

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሰው የሚወድቅበት እዚህ ስለሆነ ነው። ፔንሽን ክሬዲትና ሃውሲንግ ቤኔፊት ከአገር ውጭ የሚቀጥሉት ቢበዛ ለአራት ሳምንት ነው። ከመነሻው ለስድስት ሳምንት ትኬት ከቆረጣችሁ፣ «አራቱን ሳምንት ይከፍሉኛል፣ ሁለቱን ይተዉት» አይሆንም። ከሄዳችሁበት ቀን ጀምሮ ይቆማል። ስትመለሱ እንደ አዲስ ማመልከት ነው። የቅርብ ዘመድ ሞቶ መመለስ ያልቻለ ሰው እስከ ስምንት ሳምንት፣ ለሕክምና የወጣ እስከ 26 ሳምንት ሊፈቀድለት ይችላል፤ ማስረጃ ግን ይዛችሁ ተመለሱ። አቴንዳንስ አላዋንስ እስከ 13 ሳምንት ይቆያል።

ስቴት ፔንሽኑ አይቆምም። ጠቅልላችሁ ብትገቡም አዲስ አበባ ድረስ ይከተላችኋል። ነገር ግን እዚያ ለሚኖር ሰው በየዓመቱ አይጨምርም፤ በገባችሁበት ዓመት ተመን ላይ ይቀራል። ፔንሽን ክሬዲቱ ጭራሽ አይከተልም። «እዚያ እየኖርኩ ክሬዲቱን ልብላ» ያለ ሰው በኋላ ሙሉውን መልስ ተብሏል።

እናቴ ለጥምቀት ስትሄድ ትኬቷን ለ26 ቀን ቆረጥን። ከመሄዷ በፊት ደውለን የምትወጣበትንና የምትመለስበትን ቀን አስመዘገብን። አየር መንገዱ ቀኑን በሁለት ቢገፋው እንኳ ከ28 አያልፍም ብለን ነው። እሷ ግን ኤርፖርት ላይ ሻንጣዋን እያስመዘነች «ለፋሲካ ብቆይስ?» አለች። የቀን መቁጠሪያውን ፎቶ አሳየኋት።